ሚንዳ ያስቀመጠችው መርፌ

ሬናንቴ እስከ ዛሬ ያልመለሰው ጥያቄ አለ፤ እህቱ ሚንዳ ያን ቀን መርፌውን ያስቀመጠችው ሙያው ጠፍቶባት ነው ወይስ ፈርታ? ሊጠይቃት ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቷል። ፊቷን ሲያይ ግን ስለ ዝናቡ ያወራል።

ሚንዳ ጃፓን ከመሄዷ በፊት በኢሎኢሎ ከተማ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ዘጠኝ ዓመት ነርስ ነበረች። ሌሎቹ ሞክረው ያቃታቸውን ሕፃን ለእሷ ያቀብሏታል፤ እሷም ክር የምታህለውን የደም ሥር በጣቷ ዳብሳ ታገኛታለች። የአገሯና የጃፓን መንግሥታት ስለ ነርሶች ሲዋዋሉ ቀድማ ተመዘገበች። ውሉ በጃፓንኛ የሚሰጠውን ፈተና እስክታልፍ ድረስ፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት፣ በረዳትነት እንድትሠራ ይላል። ረዳት ሽማግሌ ያጥባል፣ ያጎርሳል፣ ዳይፐር ይቀይራል፤ መርፌ አይነካም። አንድ ቀን የተነቀለ ግሉኮስ ልታስተካክል ስትል አለቃዋ በሰው ፊት እጇን መታቻት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ «ነርስ ይጠራልኝ» ማለት ለመደች። ፈተናውን ሦስቴ ወደቀች። ውሉም አለቀ፤ ከኢሎኢሎ ባሕር ማዶ ወዳለችው ጊማራስ ደሴት፣ እናቷ ቤት ተመለሰች። የኢሎኢሎው ሆስፒታልም ሦስቱን ዓመት የነርስ ሥራ ብሎ አልቆጠረላትም፤ ሳይቀጥሯት ቀሩ።

ማንጎ በሚለቀምበት ሰሞን እናታቸውን ፔትራን ጎህ ሲቀድ ትውከትና ተቅማጥ ያዛቸው። ባሕሩ ተናውጦ ጀልባ ቆሟል። የመንደሩ ብቸኛ የጤና ሠራተኛ፣ አዋላጇ፣ ለሥልጠና ኢሎኢሎ እንደተሻገረች ቀርታለች። ሬናንቴ ከጤና ኬላው ግሉኮስና መርፌ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«ምን ያንቀለቅልሃል?» አለው ጎረቤታቸው ቤንጆ በሩ ላይ ቆሞ። «ከጃፓን የመጣች ነርስ ቤትህ አስቀምጠህ!»

ሚንዳ የእናቷን ክንድ በላስቲክ አሰረች፤ በአልኮል ጠረገች፤ መርፌውን አነሳች። የደም ሥሩ ለሬናንቴ እንኳ ይታየው ነበር። መርፌውን ሳህኑ ላይ መለሰችና ሁለት እጇን ከጀርባዋ ደበቀች።

«ነርስ ይጠራልኝ።»

«እትዬ፣ ምን ነካሽ? ነርሷ አንቺ አይደለሽ እንዴ!»

«እኔ ረዳት ነኝ።»

እናትየው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «አራት አሳማ ሸጬ ነርስ አስተምሬ፣» አሉ በደከመ ድምፅ፣ «አሁን ደግሞ ሌላ ነርስ ፈልጉ ትላለች።» ሊስቁ ሞከሩ።

ሚንዳ እንደገና አነሳችው። ወጋች፤ መርፌው የደም ሥሩን ሳተ፤ ክንዳቸው አበጠ። ሦስተኛ አልሞከረችም።

«በይ እኔ ልሞክር» ብሎ ሬናንቴ እጁን ሲዘረጋ በመዳፏ መታችበት።

«አልተፈቀደልህም!»

ላስቲኩን ፈታች። ጨውና ስኳር በውኃ በጥብጣ፣ የእናቷን አንገት በክንዷ ደግፋ፣ በማንኪያ ጠብ ጠብ ታደርግላቸው ጀመር። ከንፈራቸውን ትጠርጋለች፤ ከሥራቸው ያለውን ጨርቅ ሳታንገላታቸው ትቀይራለች። ሬናንቴ ሰው እንዲህ ሲያዝ አይቶ አያውቅም። ውኃው ግን ተመልሶ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ መዋጥ አቆሙ። ነፋሱ ጋብ ብሎ የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትነሳ ፔትራ አርፈው ነበር።

ሚንዳ አጠበቻቸው፤ ፀጉራቸውን አበጠረች። በደሴቱ ልማድ ሬሳ እስኪቀበር ብቻውን አይተውም፤ ቤተሰብ እየተፈራረቀ ይጠብቃል። እሷ ግን አልተፈራረቀችም።

«ኧረ ትንሽ ጋደም በይ፣ አንቺ ልጅ» ይላታል ቤንጆ።

«ተረኛ ነኝ።»

ሦስት ቀን እንዲሁ ተቀመጠች። ከቀብር ሲመለሱ የእናቷን አልጋ አዲስ አንሶላ አነጠፈችበት፤ ማዕዘኖቹን ጃፓን እንዳስተማሯት አጥፋ ወተፈች፣ ሰው እንደሚተኛበት። ከዚያ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ጥቅልል ብላ እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ከተተች። ሬናንቴ ሊጠይቃት ጎንበስ አለ። እንቅልፍ ወስዷት ትንፋሿ ከብዷል፤ ሳይጠይቃት ቀና አለ። የግድግዳው ሰዓት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ ይል ነበር።