የተናጠው ብልቃጥ

ቀለም ቀቢው ዕድሜውን የጨረሰው መሰላል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሲከፋው ይወጣል፤ ደስ ሲለውም ይወጣል። ደረቱን ወጋ ወጋ ሲያደርገው ግን ባለቤቱ ጎትታ አወረደችውና ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ልቡን በፊልም አይቶ፣ «የልብዎ ቧንቧዎች ንጹሕ ናቸው፤ ደሙ ግን ውስጣቸው ያዘግማል» አለው።

«ሰውየው ችኩል፣ ደሙ ቀሰስተኛ!» አለች ባለቤቱ። «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጋብቻ ነው?»

ሐኪሙ ስቆ የቀረውን አስረዳ። ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሕዋሳት፣ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ እንደተኙ መቆየት አለባቸው። ያለ ምክንያት ከነቁ በዚያ አዝጋሚ ደም ውስጥ ሊጓጉሉ ይችላሉ። መንቃታቸው በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ምልክቱ ከፍ ካለ ከእንግዲህ መሰላል የለም። ቀቢው ክው አለ። ሴት ልጁ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ወሯ ገብቷል፤ የሕፃኑን ክፍል በገዛ እጁ ሊቀባላት ቃል ገብቷል።

ውጤቱ ሲመጣ ምልክቱ ጣሪያ ነክቷል። ቀቢው እህል አልበላ አለ። ሐኪሙ ግን ነገሩ አልዋጥለት ብሎ «ይደገም» አለ።

ደም ቀጂዋ እጇ የተባረከ ወጣት ናት። ደሙን ቀስ አድርጋ ቀዳች፤ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አቁማ የሚለጠፍበትን ወረቀት ልታነሳ ዞር አለች። ስትመለስ ቀቢው ብልቃጡን ጨብጦ እንደ ጉድ ይንጠዋል።

«ኧረ አባባ! ምን እያደረጉ ነው?»

«እንዳይዘቅጥ ነዋ፣ ልጄ። ቀለም ሳይነቀነቅ ይሰጣል እንዴ? ባለፈውም ሥራ ሲበዛብሽ አይቼ እኔው ነቅንቄልሻለሁ።»

«በሉ እንግዲያው የተኙትን ሕዋሳት ቀስቅሰው ያስበረገጓቸው እርስዎ ነዎት!»

ባለቤቱ በሳቅ ፍርስ አለች። ቀቢው አፍሮ «የለመደ እጅ ምን ያድርግ?» አለ። ቀጂዋ ከሌላው ክንዱ እንደገና ቀዳች፤ ብልቃጡ እስኪወሰድ ድረስም ባለቤቱ ሁለቱንም እጆቹን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

በዚህኛው ምልክቱ ዝቅ ብሎ መጣ። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘለት፤ መሰላሉንም የሚይዝለት ሰው እስካለ ድረስ ፈቀደለት። ቀቢው ደስታው የሚያደርገውን አሳጣው፤ ከነሥራ ልብሱ ሐኪሙን አቅፎ ነጭ ካፖርቱን ቀለም በቀለም አደረገው።

በማግስቱ የሕፃኑ ክፍል ውስጥ መሰላሉ ቆመ። ባለቤቱ በአንድ እጇ መሰላሉን ጨምድዳ፣ በሌላው የቀለሙን ጣሳ አቀበለችው። ቀቢው ጣሳውን ተቀብሎ እጁ ቆም አለ፤ ወደ ታች አያት።

«ምን ታየኛለህ?» አለችው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ አፏ እየሳቀ። «ይኼንንስ እንደ ልብህ ነቅንቀው!»