አገር ያልሰጠችው ዘይነባ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ እኛ የኮልፌ ልጆች ሲመሽ የምንሰበሰበው አባባ ወልዴ ቤት ነበር። አባባ ወልዴ የቃጫ ገመድ እየገመዱ ገበያ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ። ያኔ ኩራዙ ጣሪያውን እያጠቆረ፣ እኛ በፍሙ ዙሪያ ተጠጋግተን ቃጫውን እያፍታታን ስናቀብላቸው፣ እሳቸው እጃቸው ሳያርፍ ተረት ያወሩልን ነበር። ተረቱ ግን እንዲሁ አይገኝም፤ መጀመሪያ እንቆቅልሽ መጫወት አለብን። መልሱ የጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጎንደርንም ሆነ ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል። እኔ ስንቱን አገር እንደሰጠሁ አይጠየቅ፤ ለእንቆቅልሽ አልተፈጠርኩም።

አንድ ክረምት ዘይነባ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ከገጠር መጥታ አጠገባችን ተጠለለች። እኩያዬ ናት፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከማንም ጋር አትጫወትም፤ ስንጠራት እናቷ ቀሚስ ሥር ትደበቃለች። ልጆቹ ኩራተኛ አሏት። እኔ ግን እህት ስላልነበረኝ ጓደኛ እንድትሆነኝ ክፉኛ ጓጉቼ ነበርና፣ አንድ ምሽት በስንት ልመና እጇን ይዤ አመጣኋት።

ጠያቂው ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ነበር። ቀንም ሌሊትም ሄዶ የማይደክመው ምን እንደሆነ ጠየቃት። ወንዝ ነው፤ እሷ ግን አላወቀችውም። አገር ስጪኝ አላት። ደግሞ አላት። ድምፅዋን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ያኔ ነው።

«አልሰጥም። አባቴ አገራችንን ላስመልስ ብሎ ጫካ ገብቷል።»

የአባባ ወልዴ እጅ ቆመ። ቀስ ብለው ተነሡና በሩን ዘጉ፤ እንዲህ ያለ ቃል የባንዳ ጆሮ ከገባ ቤት ያስቃጥል ነበር። ታደሰ ግን ሕግ ሕግ ነው ባይ ነበርና፣ አገር የማይሰጥ ከጨዋታው ይውጣ አለ። እንደዚያ ለምኜ ያመጣኋት ልጅ ልትሄድብኝ ነው። እኔ ልስጥላት፣ አስኮን ውሰድ አልኩት። ዘይነባ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

«አንቺም እንዳትሰጪ» አለችኝ፣ አስኮ የአባቷ ርስት ይመስል።

አባባ ወልዴን አየናቸው። ሕጉን ያወጡት ልጆች ናቸው፣ ልጆች ያሻሽሉት ብለው ወደ ገመዳቸው ተመለሱ። ተከራከርን፣ ተኮራረፍን፤ በመጨረሻ ራሱ ታደሰ ዘዴ አመጣ። የተረታ ሰው አገር ሳይሆን ፍሙ አጠገብ ያለውን ቦታውን ይስጥ። ዘይነባ ሳታቅማማ ተነሥታ በሩ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። እዚያ ብርዱ አይጣል ነው፤ እኔም ተከተልኳትና ነጠላዬን ለሁለት ለበስነው። ስለ አባቷ የሰማነውን ለእናቶቻችን እንኳ ትንፍሽ ያለ የለም።

ጣሊያን የወጣ ጊዜ ልጆቹ አሁንማ አገራችን ተመልሷል፣ እንደ ድሮው እንጫወት አሉ። ዘይነባ ተረታች። ሁላችንም ዓይን ዓይኗን አየናት፤ አባቷ ገና አልተመለሰም።

«አባቴ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ» አለች።

ታደሰ፣ ያ ሕግ አክባሪ፣ «እንጠብቀዋለን» አላት።

ዘይነባ መጀመሪያ የመጣችበትን ምሽት ተረት ከነጭራሹ ረስቼዋለሁ። የነጠላዬ ጫፍ ለሁለት አልበቃ ብሎ እግራችን ሲበርደን፣ እሷ ስትስቅ፣ ያ ነው የቀረኝ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ጎንደርንና ሐረርን ሲሰጣጡ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኔና ዘይነባ ግን አርጅተንም የምንሰጣጠው የፍም ዳር ቦታ ነው። አባቷ ሳይመጣ ቀረ፤ ፈቃድ አላገኘንምና ከዚያ ወዲህ አገር ሰጥተን አናውቅም።