ግማሽ የተላጨችው በግ

ላያል ትራንተር ቁጭ ማለት አልፈጠረበትም። ሻዩን እንኳ ቆሞ ነው የሚጠጣው፤ ሚስቱ ቬርና "አንተ እኮ አልጋውንም አላስተኛ አልከው" ትለዋለች። ዕድሜውን ሙሉ በቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ምዕራብ ከእርሻ እርሻ እየዞረ በግ ሲሸልት ኖሮ፣ ባለፈው በጋ የልቡ የደም ሥር ተዘጋና በግ እንደያዘ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ የልቡ አንድ ጎን ግን ደም አጥቶ ተጎዳ። ከእንግዲህ መሸለት የለም ተባለ። እንዲህ ያለውን ሰው ከመከልከልስ ማሰር ይቀላል።

ከሃሚልተን ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የምርምር ጣቢያ በግ ጠባቂ ሲፈልግ ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። የበጎቹ ልብ ለጥናት ሲባል በቀዶ ጥገና ተጎድቷል። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ሮዌና እንዳስረዳችው፣ በጉዳቱ ዙሪያ የዕድገት ቀስቃሽ የሚሉት ፕሮቲን ይወጋል፤ እሱም ደህናዎቹን የደም ሥሮች እየቀሰቀሰ አዲስ ቅርንጫፍ ያስወጣቸዋል። ግማሾቹ በጎች የተወጉት ግን ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ነው፤ የትኛዋ ምን እንዳገኘች እስከ መጨረሻው አይነገርም። በመጨረሻ ልባቸው ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ውጤቱ ካማረ ሙከራው ወደ ሰው ይሻገራል፤ ከተመዘገቡት ሰዎች አንዱ ላያል ነው። ቀልቡ አላርፍ ያለው ለዚህ ነበር። ማልዶ ይመጣል፣ በጎቹን ያያል፣ ሄዶ ተመልሶ ደግሞ ያያል። ጥናቱ እስኪያልቅ በጎቹ እንዳይደነግጡና እንዳይሮጡ አደራ ተብሏል።

ችግሩ አንዷ በግ ነበረች። ሌሎቹ አስቀድመው ሙሉ በሙሉ ተሸልተው ነበር፤ የእሷ ግን ለቀዶ ጥገናው ግራ ጎኗ ብቻ ተላጭቷል፣ በቀኝ በኩል ጠጉሯ እስከ ጉልበቷ ተንዘርፍፏል። በዚያ አገር በግ ግማሽ ሸልቶ የሚተው ሰው እስኪሞት መሳቂያ ነው። ላያል ባያት ቁጥር እጁን ይበላዋል። ሰው በሌለበት አንድ ቅዳሜ አላስችል አለው፤ ገለበጣት፣ በጉልበቱ መሃል አስገብቶ እያለከለከ ጨረሳት። ብድግ ብላ ሮጠች። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሰኞ ሮዌና በጋጣው በር ላይ ቆመች።

"ማነው የሸለታት?"

"እኔ ነኝ። እንደዚያ ሆና ማየት አንጀቴ አልቻለም።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። በጓ ደንግጣለች፣ በርዷታል፣ ልቧ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል አለችው። አሁን አዲስ የደም ሥር ቢገኝባት የፕሮቲኑ ይሁን የሽለታው አይታወቅም፤ ስለዚህ ከጥናቱ ወጥታለች። ያለ እሷ ደግሞ ቁጥሩ አይሞላም፤ ሌላ በግ አምጥቶ እንደገና መጀመር ነው።

"ሰዎቹስ?" አላት።

"ይጠብቃሉ፤ ወደ ከርሞ ነው። አንተም ጭምር፣ ላያል።"

አመል ያወጣል ከመሃል ማለት ይሄ ነው። ቆይቶ በጓ ምን እንደምትሆን ጠየቀ። ልቧ ለእኛ አይሆንም፣ ከፈለግህ ውሰዳት አለችው።

በጭነት መኪናው ወሰዳት። ጓሮ አውርዶ መዳፉን ከጎድን አጥንቷ ላይ አደረገ። ልቧ ደህና ይመታል። ድኖ ይሁን አይሁን ከፍቶ የሚያይ የለም፤ ይህንን ሲያስብ አንገበገበው።

ቬርና እጇን በመሃረብ እየጠረገች ወጣች።

"ደግሞ ይቺን ምን ሰጥተህ አመጣሃት?"

"አንድ ዓመት" አላት።

ልትስቅ ብላ ተወችው። የላያል ሐኪም ይህ ልብ ለከርሞ መድረሱን እንጃ ያለው ሁለቱም ባሉበት ነበር።