አሥራ ሁለት የተባለው ገመድ

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼ በሰዋስው ያንቀላፋሉ፤ የአንድን ቃል ታሪክ ሳወራላቸው ግን ይነቃሉ። በዚያ ሳምንት ያዘጋጀሁላቸው ቃል «ፋዘም» ነበር። ጥንት እንግሊዞች ሁለት እጅን ዘርግቶ ማቀፍን እንዲያ ይሉት ነበር። ኋላ መርከበኞች ገመድን በተዘረጋ እጅ እየለኩ የባሕሩን ጥልቀት ማወቅ ሲጀምሩ ቃሉ የልክ ስም ሆነ። ቀጥሎ ደግሞ አንድን ነገር እስከ ሥሩ መረዳት ማለት ሆነ። ዛሬ ደግሞ በአሉታው ነው የሚዘወተረው፤ ልክ የማይገኝለትን፣ አእምሮ የማይደርስበትን ነገር «አንፋዘመብል» ይሉታል። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ካገኘሁ ሌላው ነገር አይታየኝም፤ ይኼ ጠባዬ አንድ ቀን ጉድ እንደሚሠራኝ ሚስቴ ስትናገር ኖራለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገዱም ሰላም ነው ሲባል፣ በሚኒባስ ቡሬ ወረድሁ። ከዚያ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ወደ አባቴ ቤት ሄድሁ። በጋው ጠንክሮ የጓሮው ጉድጓድ ውሃ ሸሽቷል፤ ታናሽ ወንድሜ ወርዶ ደለሉን ሊያወጣ ነው። አሮጌው ገመድ ስለ ነተበ ከቡሬ አንድ ጥቅል ናይለን ገመድ ይዤ ደረስሁ።

ጉድጓዱን በጉልምስናቸው የቆፈሩት አባቴ ናቸው። ጥልቀቱ አሥራ ሁለት ነው ይባላል፤ የእሳቸው ሁለት እጅ አሥራ ሁለት ጊዜ ተዘርግቶ ማለት ነው። በሜትር ስንት እንደሚሆን ማንም ጠይቆ አያውቅም። እኛ ቤት ገመድ የሚለካው በእሳቸው እጅ ብቻ ነው። እሳቸው የቆጠሩትንም ሌላ ሰው አይደግመውም፤ መድገም ለአባት «አላምንዎትም» እንደ ማለት ነው።

አባቴ ግቢው መሀል ቆሙና ገመዱን ይዘው እጃቸውን ዘረጉ። «አንድ» አሉ። እኔ ልቤ በደስታ ዘለለ። ያ የእንግሊዝ መርከበኛ ቃል እዚህ፣ በቆሎ ማሳ ዳር፣ ጋቢ ለብሶ ቆሞልኛል! ሰኞ ለተማሪዎቼ ላሳያቸው ብዬ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ማንሳት ጀመርሁ።

ሦስተኛው ላይ በስልኩ መስታወት ውስጥ ቀኝ ክርናቸው እንደ ታጠፈ ቀረ። ግራው ተዘርግቷል፣ ቀኙ ግን ከደረታቸው ብዙ አልራቀም። አምስተኛው ላይ ጥርሳቸውን ነከሱ። ስልኬን አወረድሁ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፣ መልሼ ዘጋሁት። ወንድሜና ሚስቱ ቆመው እያዩ አባቴን «እጅዎ አልተዘረጋም» ልበላቸው? ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ዝም አልሁ።

«አሥራ ሁለት» አሉና በማጭድ ቆረጡት። ትርፉ ለአህያው ጭነት ይሆናል ተብሎ ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ወንድሜ ገመዱን ጉድጓዱ አፍ ላይ ከተጋደመው የባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አጥብቆ አሰረ። እስከ ግማሽ ድረስ ግድግዳው ላይ የተፈለፈለ መርገጫ አለ፤ ከዚያ በታች አፈሩ ስለሚናድ በገመዱ ብቻ ነው የሚወረደው። አባቴ ሁልጊዜ የሚሉትን አሉት፦ «ገመዱ ሲያልቅ መሬት ነው።» ወረደ። መጀመሪያ ትከሻው፣ ቀጥሎ ራሱ፣ በመጨረሻ የስልኩ ባትሪ ብርሃን ብቻ ቀረ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያልሁ ራሴን አባብላለሁ፤ እንዳልተሳሳትሁ ግን አውቃለሁ።

«አለቀ!» አለ ከታች።

«እንግዲያ ልቀቅ፣ መሬት ነው!» አሉ አባቴ።

«ቆይ!» ብዬ የጮኽሁት የወደቀበትን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ ነው።

ሚስቱ «ጉዴ ፈላ!» ብላ መሬቱ ላይ ተዘረጋች። እኔ በሆዴ ተኝቼ ወደ ታች ተጣራሁ። መልስ የለም። እንደገና ተጣራሁ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም፤ ደግሞም ፍርሃቴ ንጹሕ አልነበረም፣ አይቼ ዝም ያልሁት እኔ ነኝና። ከብዙ ቆይታ በኋላ «አለሁ... እግሬን ነው» የሚል ድምፅ መጣ። ጭቃው አትርፎታል።

ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች መጡ። ትርፉን ገመድ ቀጠልንበት፣ ወገቡን አሰረ፣ ለአምስት ሆነን ጎተትነው። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው አበጠ። ሚስቱ እግሩን በለብ ያለ ውሃ እያጠበች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለች። ማንንም ቀና ብላ አላየችም።

አባቴ ከጉድጓዱ አልራቁም ነበር። የገመዱን ጫፍ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሄድሁ።

«አይተህ ነበር?» አሉኝ።

«አይቻለሁ፣ አባዬ።»

«ከስንተኛው?»

«ከሦስተኛው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልህ?»

«አፈርሁ።»

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። «እኔ ከመጀመሪያው አውቄው ነበር» አሉ። «ከክረምት ጀምሮ አይዘረጋልኝም። እኔም አፍሬ ነው።»

ሰኞ ክፍል አልገባሁም። ሁለቱንም ይዤ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ዋልሁ። የወንድሜ እግር አልተሰበረም፣ በፋሻ ታሰረለት። ከዚያ የአባቴ ተራ ደረሰ። ስለ እጃቸው ሐኪሙ ምን ይል ይሆን እያልሁ አብሬያቸው ገባሁ፤ በዚህ ዕድሜ ምን ክፉ ነገር እንደሚገኝ ማን ያውቃል።

ወጣቱ ሐኪም በአክብሮት «አባቴ፣ ያምዎታል?» ሲላቸው «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» አሉት፤ እንደ ለመዱት።

«እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ይዘርጉልኝ።»

አባቴ ግራ እጃቸውን ዘረጉ። ቀኙን ጀመሩና ተዉት። ዞረው እኔን አዩኝ።

«አንተ ንገረው» አሉኝ።