አልጋ ሥር የነበረው የማርያም ጽዋ

ከከተማው ግንብ፣ ከሸዋ በር ወጣ ብሎ በነበረው የአረጋውያን ቤት ወጥ ሠሪ ሆኜ የተቀጠርኩት የመጨረሻ ልጄን ጡት ባስጣልኩ ሰሞን ነው። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሮ፣ ትንሽ ገፋ አድርጎ ቆመ። ፍርሃቴ ግን አልቆመም። እሳት አጥፍቼ እወጣና መንገድ ላይ «አላጠፋሁትም» ብዬ እመለሳለሁ። ልጆቼ ሲያስላቸው አልተኛም፤ ሳያስላቸው ደግሞ «ምነው ዝም አሉ?» ብዬ አልተኛም።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ኖራ፣ አልጋው ብረት፣ ወለሉ በየጠዋቱ የሚታጠብ። ከመታጠቡ ብዛት አንድ ሽማግሌ ሳይንሸራተት የመሸበት ቀን ትዝ አይለኝም። ኃላፊዋ ሆስፒታል ሠርታ የመጣች ደግ ሴት ነበረች፤ ደግነቷ ግን ዲዲቲ ዲዲቲ ይሸታል። ጠያቂ ሲመጣ ከአጥር ውጭ ቆሞ እንዲያነጋግር፣ ምግብም መጠጥም ከውጭ እንዳይገባ ደንብ አወጣች። ቀጥላ «ሸክላ ተባይ ይይዛል» ብላ በየአልጋው ሥር ያለውን ሸክላ ማስለቀም ጀመረች።

ባልም ልጅም የቀበሩ አንዲት እማማ ነበሩ። የቀራቸው ምላሳቸውና የማርያም ማኅበራቸው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ለማኅበሩ ቀን ፈቃድ ጠይቀው ሄደው፣ ተራቸው ደርሶ ኖሮ ጽዋውን በነጠላ ሸፍነው ይዘው መጥተዋል። ጽዋው ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። የወሰደው ሰው በሚቀጥለው ወር በሃያ አንድ ደግሶ ማኅበርተኛውን በቤቱ ይቀበላል። መደገስ ያቃተው ጽዋውን ለሌላ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ በሰው ቤት ጠጪ እንጂ ማኅበርተኛ አይባልም።

ሸክላ ለቀማው እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ኃላፊዋ ጎንበስ አለች።

«ይሄ ምንድነው እማማ?»

«የሽንቴ ነው።»

«የቆርቆሮ ሰጥተንዎት የለም?»

«ቆርቆሮው ይጮሃል። ቤቱ ሁሉ ይሰማኛል።»

ኃላፊዋ አፍንጫዋን ይዛ አለፈች። እኔ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

«እማማ! የእመቤታችንን ጽዋ?»

«እሷም ልጅ አሳድጋለች። ሽንት ያላየች መሰለሽ? ይልቅ ጠላውን እንዴት እንደምትጠምቂልኝ አስቢ።»

አሰብኩ። ከማሰብ ብዛት ቀሚሴ ሰፋኝ። ብባረር ልጆቼ ምን ይበላሉ? ጠላው ቢበላሽስ? ካህኑን ሆዳቸውን ቢቆርጣቸውስ? አይሆንም ልል ስሄድ እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ማሰሮዋን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

«ቤት አጣሁ አልልም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «አልጋ አለኝ፣ ጣራ አለኝ። ሰው የማላስገባበት ግን የምን ቤት ነው? ያው መቃብር ነው፤ እሱም እንኳ ጠያቂ ይገባበታል።»

ሄጄ ጌሾ ገዛሁ።

በሃያ አንድ ጠዋት ኃላፊዋ ለስብሰባ መሀል ከተማ፣ ፈረስ መጋላ ሄደች። ቤቴ የጠመቅሁትን ጠላ ውሃ በምቀዳበት እንስራ አዝዬ መጣሁ። በሩ ላይ ራሳቸውን ዘበኛ አድርገው የሾሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ድሮ ገጠር ጫትና ቡና ሲያለሙ የኖሩ ሙስሊም አባባ።

«ወላሂ፣ ይሄ ውሃ ገብስ ገብስ ይላል» አሉኝ።

«አባባ፣ እባክዎ ዝም ይበሉ!»

«እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሆጃ ወተቱ አይጉደል እንጂ።»

ሆጃቸውን፣ የቡና ገለፈቱን በወተት አፍልቼ፣ ሰጠኋቸው። ኃላፊዋ ስትመጣ ጮክ ብለው ሊያስሉልን ተስማማን።

ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። ግቢው ውስጥ አግዳሚዎቹን ገጥመን አስቀመጥናቸው። ካህኑ ጸሎቱን አሳጠሩት፤ ኃላፊዋን ፈርተው ይሁን ጠላው አጓጉቷቸው እሱ ይወቀው። ጽዋውን ባርከው አነሡና ጎንጨት አሉ።

«አባ! እንዳይውጡት! የሽንታቸው ነው!»

ኃላፊዋ ናት። ስብሰባው ቀርቶ ኖሯል። አባባ በሩ ላይ ባዶ ሲኒያቸውን እንዳቀፉ ያንቀላፋሉ።

ካህኑ አልዋጡም፣ አልተፉም። ጉንጫቸው እንደተነፋ ዓይናቸው ብቻ ይንከራተታል። አንዷ ማኅበርተኛ ምላሷን በነጠላዋ ጠረገች። ሌላዋ «እንዲህ ያለ ማኅበርስ ጥንቅር ይበል!» ብላ ተነሣች። እማማ ፊታቸው አመድ መሰለ። ይህን ያህል ዘመን የጠጡበት ማኅበር በአንዲት ጉንጭ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ዋሽቻት ነው!» አሉ። «እውነቱን ብነግራት ትጥልብኝ ነበር። አባ፣ ይዋጡት እንጂ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭዎ ውስጥ ያዙት እኮ!»

ካህኑ ጨክነው ዋጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ገብስ ነው» አሉ በመጨረሻ።

የተነሣችው ሴትዮ ተመልሳ ተቀመጠች። ኃላፊዋ ግን በሩ ላይ እንደቆመች ፊቷ ቀልቷል፤ ደንቡን ልታነብልን አፏን ከፈተች። እኔ ዕቃዬን ሰብስቤ የምወጣበትን መንገድ ሳስብ፣ እማማ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ኖር!»

ማኅበርተኞቹ ተነሡ። በየበራፉ ተቀምጠው የሚያዩት አረጋውያንም ጉልበታቸውን እየያዙ ተነሡ። አባባ እንኳ ባንነው ቆሙ። «ኖር! ኖር!»

«በእግዚአብሔር፣ አትነሡ» አለች ኃላፊዋ።

አፏ ነው የመለሰው፤ ያሳደጓት እንዲያ ብለው ነዋ። አንዴ ካለች በኋላ ግን ምን ታድርግ? እንግዳ ሆነች። እንግዳ ደግሞ ባለቤቲቱን አይቆጣም።

«ምን በር ላይ ያስቆምሻል ልጄ? ግቢ» አሏት እማማ። «ቦታ ስጧት እስቲ።»

በራሷ መሥሪያ ቤት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዳቦ ተቆረሰላት። ጠላውን ስቀዳላት ቀሚሷ ላይ አፈሰስኩባት፤ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ተቀበለችኝ።

ጽዋውን ባለተራዋ አዝላ ሄደች፤ እማማም በማኅበራቸው ጸኑ። ከዚያ ወዲያ ጠያቂ ከአጥር ውጭ መቆሙ ቀረ፤ አባባም በዒድ ዘመዶቻቸውን ጠርተው ግቢውን ሞሉት። ሸክላ ለቀማውም ቀረ። ኃላፊዋ አልጋ ሥር ማሰሮ ስታገኝ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ታሸታለች፣ ቀጥላም «ተራው የማን ነው?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዴ የእውነት ሽንት ነበር።