ግሩፑ ለጾም ተዘግቷል

ትናንት የስልኬ መስተዋት ተሰንጥቆብኝ ከመናኸሪያው ማዶ ካለችው ሞባይል ቤት ቆሜ ነበር። የካውያው ጭስ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለኝ። ልጁ ከሰው እጅ ሚሞሪ እየተቀበለ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና አንዱን ዘፈን ጀምሮ ቁርጥ፣ ሌላውን ጀምሮ ቁርጥ ያደርጋል። በሩ ላይ በካርቶን «የጾም መዝሙር እንጭናለን» ብሎ ለጥፏል። ቅበላ ደርሶ የለ? ሰዉ ዘፈኑን አስጠፍቶ፣ መዝሙር አስጭኖ ሊሄድ ተሰልፏል። በየዓመቱ የማየው ነው፤ አዲስ ነገር የለውም። እኔ ግን ስልኬን ሳላሠራ ወጣሁ።

አንተ ደግሞ ያችኑ ዕለት መርጠህ የዘፈን ግሩፕ ሊንክ ላክህልኝ። «ግቢ፣ ጨዋታው ደስ ይላል» ብለህ። ጨዋታውንማ ከአንተ በፊት አውቀዋለሁ። አልገባም ብልህ የኮራሁ መስሎህ በሻይ ሰዓት ፊትህን አጠቆርህብኝ። እንግዲያው ቁጭ በልና ስማ። መሐል ላይ ግን «አይዞሽ» እንዳትለኝ፤ አልወድም።

ያኔ ንፋስ መውጫ የመሰናዶ ተማሪ ነበርሁ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሙዚቃ ወዳጆች የምንሰባሰብበት ግሩፕ ነበረን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ እሱን ነበር የምከፍት። ቁም ነገር የሚወራበት እንዳይመስልህ። «ከጋይንት ሰው በቀር ማሲንቆ የሚይዝ ማን አለ?» ይላል አንዱ። «ኧረ ወዲያ! እናንተን ማሲንቆ ያስያዝናችሁ እኛ እስቴዎች ነን» ይላል ሌላው። «ስማዳ ዝም ያለው አውቆ ነው፤ የዘፈነ ዕለት ታለቅሳላችሁ» ይላል ሦስተኛው። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ መጻፍ ስለሚታክታቸው በድምፅ ነበር የሚልኩ፤ ከኋላቸው ሁልጊዜ ዶሮ ይጮኻል። «ልጆቼ፣ ኦርጋን የገባ ዕለት ሰርግ ሞቷል» ብለው ሲጀምሩ ግማሹ «እውነትዎን ነው ጋሼ» ይላል፤ ግማሹ የአውራ ዶሮውን ቅኝት ያደንቃል። እንዲህ እየተባለ ነበር የሚመሸው።

እኔ የገባሁት በአጎቴ ስም ነው። መጀመሪያ በራሴ ስም ገብቼ «ሰላም ቆንጆ»፣ «ላናግርሽ እችላለሁ?» የሚለው ኢንቦክስ እንደ አንበጣ ወረረኝ። ወጣሁና ወንድ ሆኜ ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ ሰላም አገኘሁ፤ ስለ አንቺሆዬ ቅኝት ስናገር እንኳ «ልክ ብለሃል» የሚለኝ ሰው ተገኘ። ሴት ሳለሁ ያንኑ ብናገር ማን ሰምቶኝ!

አሁን ስለ እህቴ ልንገርህ፤ ነገሩ ሁሉ የሷ ነው። ታላቄ ነበረች፤ እታለም ነበር የምላት። ዘፈን አውጪ ናት። በሰርግ ቤት እሷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እስከ እስቴ ድረስ ዘመድ ሲድር «እሷን አምጡልን» ይባል ነበር። እኔ ከጎኗ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ እንድቀበል እንኳ አትፈቅድልኝም። «አንች ታበላሽብናለሽ» ትለኛለች እየሳቀች። እናቴ ደግሞ ገና ስትወጣ ስታያት «ኧረ ድምፅሽን ቆጥቢ!» ትላታለች፤ ሰርግ በመጣ ቁጥር ያቺኑ ነበር የምትላት። አንድ ክረምት ታመመች። መስከረም ሳይጠባ ቀበርናት።

ፎቶዋ ግድግዳው ላይ ነበር። ድምጿ ግን የትም አልነበረም፤ እሷ ሳለች ቤታችን የነበረው ስልክ መደወልና መቀበል ብቻ ነው የሚያውቅ። «መልኳ አለ» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን ምስር እየለቀመች። «ድምጿ ነው እየራቀኝ የሄደው። በፊት ጧት ጧት ስትጠራኝ እሰማት ነበር። አሁን ስትጠራኝ አፏን ብቻ ነው የማየው።» እኔም ልንገርህ፣ እኔንም ርቆኝ ነበር፤ ግን ለእናት እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።

የካቲት ነበር፤ የሰርጉ ወራት ሊያልቅ ሲል። ግሩፑ ስለ ሰርግ ዘፈን ተያይዟል። አንዲት የስማዳ ልጅ ነበረች፣ ብዙም የማትጽፍ፤ ስሟ ላይ «ኢንቦክስ አልመልስም» ብላ የለጠፈች። ያን ዕለት ጻፈች። «እኔ ጋ እስቴ የተቀዳ የሰርግ ዘፈን አለ። ያጎቴ ልጅ ሚሞሪ ላይ አግኝቼው ነው። ሴት ነች የምታወጣው፤ ማን እንደሆነች አላውቅም። እንዲህ ትላለች፦

ድምፅሽን ቆጥቢው ትለኛለች እምዬ፣
ለማን ላስቀምጠው ለየትኛው ብዬ።»

ስልኩ ከእጄ ወደቀ። ያችን ግጥም እታለም ወደ እስቴው ሰርግ ስትሄድ መንገድ ላይ የገጠመቻት ናት። ተመልሳ መጥታ እናቴን ወገቧን ይዛ እየወዘወዘች ዘፍናላታለች፤ እናቴም «አንች ባለጌ!» ብላ በማማሰያው ስታሳድዳት አይቻለሁ። ሌላ ማንም አይላትም።

በግሩፑ ላይ «የእህቴ ናት» አላልሁም። እዚያ የሚቀልድ ብዙ ነው፤ የሞተች እህቴን ባፋቸው ላይ አላኖራትም ብዬ። «በናትሽ ሙሉውን ላኪልን» ብቻ አልሁ። ሌሎቹም «ላኪ፣ ላኪ» አሉ። «እዚህ ኔትወርክ የለም» አለች፤ «እሑድ ለቅበላ ገበያ ወገዳ ከተማ እወጣለሁ፤ ያኔ እልከዋለሁ።»

ለእናቴ ነገርኋት። ተነሥታ በር ላይ ቆመችና ወደ ውጭ አየች። ከዚያ «በስልኩ ነው የምትሰማኝ?» አለችኝ። ተሳስታ ነው፤ «የምሰማት» ማለቷ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ስልኩን ይዤ ተቀመጥሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የስማዳዋ ልጅ ብቅ አለች። «እየላክሁት ነው፤ ከባድ ነው፣ ጠብቁ» አለች። ጠበቅን። መምህሩ «እስቲ እንስማት፣ ኦርጋን የሌለበት ከሆነ» አሉ፤ ዶሮውም ጮኸ። ቀጥሎ የመጣው የአድሚኑ ጽሑፍ ነው፦ «መልካም የጾም ወራት ይሁንልን። ግሩፑ እስከ ትንሣኤ ተዘግቷል።» ያ ብቻ። የምጽፍበት ቦታ ጠፋ። ዘፈኑም አልመጣም።

አድሚኑ እዚያው ንፋስ መውጫ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በየዓመቱ ቅበላ ማታ ይዘጋል፤ በጾም ዘፈን ነውር ነው ብሎ። እኛም «ደግ አድርጓል» እንል ነበር፤ ልዋሽህ አልፈልግም፣ እኔም እል ነበር። ያን ዕለት ግን ለስማዳዋ ልጅ በቀጥታ ጻፍሁላት። ምን ብዬ እንደጀመርሁ ታውቃለህ? «ሰላም፣ ላናግርሽ እችላለሁ?» በወንድ ስም! ብሎክ አደረገችኝ። እኔም ብሆን አደርግ ነበር።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ወደ አድሚኑ ዞርሁ።

«እባክህ ላንድ አፍታ ክፈተው። ልጅቷ ስትልክ የነበረው የእህቴን ድምፅ ነው። እህቴ ሞታለች።»

«ነፍስ ይማር» አለኝ። «ለሞተ ሰው ግን ፍትሐት እንጂ ዘፈን አይደረግለትም።»

«እሺ አትክፈተው፤ ለኔ እንድትልክልኝ ንገርልኝ። ብጽፍላት ወንድ መስያት ብሎክ አደረገችኝ።»

«ደግሞ አሁን ሴት ሆንህ?»

«ነበርሁ እኮ!»

«ወንድሜ፣ ልጅ ለመጥበስ ብለህ የሞተ ሰው አትጥራ። ፋይሉ የትም አይሄድም። ለትንሣኤ ያድርሰን።»

እያለቀስሁ ድምፄን ቀድቼ ላክሁለት፤ ሴት መሆኔን ይስማ ብዬ። አልደረሰውም። እሱም አፑን ለጾም አጥፍቶት ኖሯል። መምህሩን ጠየቅኋቸው፤ ልጅቷን አያውቋትም። የስማዳ መኪና ሹፌሮችን መናኸሪያ ሄጄ ጠየቅሁ። «ስሟ ማን ነው?» ይሉኛል። ግሩፕ ላይ ያለውን ቅጽል ስሟን ስነግራቸው ይስቃሉ። ስማዳ አንድ ግቢ መሰለህ?

የሚገርምህ እናቴ ናት። «ለጾሙ ብሎ ከሆነ ደግ አደረገ» አለች። ያን ሁዳዴ እንደዚያ ቀሎላት አይቻት አላውቅም። ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ «ዘንድሮ በልጄ ድምፅ ነው የምገድፍ» ትላለች። ከጎረቤት ትንሽዬ ድምፅ ማጉያ ተውሳ፣ አቧራዋን ጠርጋ፣ መደቡ ላይ በነጭ ጨርቅ ሸፍና አስቀመጠቻት። በስቅለት ዕለት ከስግደት መልስ ጉልበቷን እያሸች «ቻርጅ አላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

የፋሲካ ጧት ግሩፑ ተከፈተ። እንኳን አደረሳችሁ ጎረፈ፤ ዶሮ፣ ዳቦ፣ ቄጠማ። የስማዳዋ ልጅ ገባች። «እንኳን አደረሳችሁ! ያን የሰርግ ዘፈን ሰማችሁት? እኔማ በጾሙ እየናፈቀኝ ነው የከረመ፤ አሁን ከዚሁ አወርደዋለሁ» አለች።

«አልመጣም» አልኋት። «አልመጣም እኮ!»

«እንዴ! ልኬዋለሁ። የመላኪያው ምልክት ሲሽከረከር አይቼ ነው ስልኬን ለሞባይል ቤቱ የሰጠሁት።»

ለካ ያኔ ሲሽከረከር ነው አድሚኑ የዘጋው። እሷ የሄደ መስሏታል። ሚሞሪውን እዚያው ወገዳ ዘፈኑን በሙሉ አስጠፍታ፣ እስኪሞላ ድረስ መዝሙር አስጭናበት፣ አፑንም አጥፍታ ለጾም ገብታለች። ያጎቷም ልጅ የራሱን ስልክ ከጣለው ቆይቷል። ያኔ ነው ማን መሆኔን በአደባባይ የጻፍሁት፤ ምን ቀረኝ? ልጅቷ በድምፅ አለቀሰች። አንዱ ቀልደኛ «እንግዲያው ያስጫንሽውን መዝሙር ላኪልን» አለ። አድሚኑም መጣና «ለበጎ ነው» ብሎ ጻፈ። ለበጎ ነው! ከግሩፑ ወጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ። ኋላ ልጅቷ ሚሞሪውን በሹፌር እጅ ላከችልኝ፤ ሞባይል ቤት ወሰድሁት። «የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ መዝሙሩ ላዩ ላይ ተጽፎበታል» አሉኝ።

አሁንም ስነግርህ እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ አለማወቄ ነው የሚያንገበግበኝ። አድሚኑ ጾሙን ነው ያከበረ። ልጅቷም ጾሙን ነው ያከበረች። ኔትወርኩንስ የት ሄጄ ልክሰሰው?

ያን የፋሲካ ጧት ግን እናቴ ትጠብቀኝ ነበር። ነጭ ለብሳ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። የዶሮው ወጥ ወጥቷል፤ አልነካችውም። በበሩ የገባው ፀሐይ እግሯ ሥር ቄጠማው ላይ ተኝቷል።

«መጣች?» አለችኝ።

«የለም እምዬ። ጠፍቷል።»

ሁሉንም ነገርኋት።

«ምን ጫነችበት አልሽ?»

«መዝሙር።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በመዝሙር እንዴት ትቆጣ? ጨርቁን ከድምፅ ማጉያዋ ላይ አንሥታ አጣጠፈችው። ከዚያ ሳላስበው የሰርጉን ዜማ በአፍንጫዋ ጀመረች። «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» አለችና አቋረጠች። እንደገና ዝቅ አድርጋ ጀመረችው። «አይደለም። ከታች ነበር የምትነሣው ወይስ ከላይ?»

«ከታች» አልኋት።

«አንች እስቲ አውጪልኝ። ከጎኗ ስትቆሚ የነበርሽ አንች ነሽ።»

አወጣሁላት። ዜማው ልክ ነበር፤ ቃሉም ልክ ነበር። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ትሰማኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ቤት ሳልጨርስ እጇን ዘርግታ አፌን ያዘችኝ። መዳፏ ሽንኩርት ይሸት ነበር።

«ተይ ልጄ» አለችኝ። «ተይ። በጆሮዬ የቀረችኝ ትንሿም ያንች ድምፅ ሲገባባት ትጠፋብኛለች።»

ከዚያ ወዲህ እናቴ ባለችበት ዘፍኜ አላውቅም።