ቺኒል ወይስ ፓቺኒል?

ሩሲያኛን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹ ላይ ስድስተኛው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ብዬ ጻፍኩት፤ እነሱ ደግሞ አምስቱን ዘለው እሱን ሰጡኝ። አለቀስኩ፣ ተራገምኩ፣ ከዚያ ተማርኩ። ፊደሉንም ሰላምታውንም እንደምንም ተወጣሁት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ከፍተኛ ሰዋስው የሚባል ኮርስ መጣና እዚያ ላይ ተያዝኩ።

ጣጣው ግሱ ነው። በሩሲያኛ ለአንድ ሥራ ሁለት ግስ አለ፤ አንዱ ሥራው ሲሠራ እንደነበር የሚናገር፣ ሌላው ሥራው እንዳለቀ የሚናገር። መጽሐፉ ይህችን ነገር በአንድ ሙሉ ምዕራፍ ያብራራታል። ምዕራፉን አንብቤ ስጨርስ የማውቀው ሳልጀምር ከማውቀው ያነሰ ነበር።

የማጠቃለያ ፈተናው የቃል ነው። ከሩሲያ የመጣችው መምህራችን ፊት አንድ በአንድ እንቀርባለን፤ ተራ የሚጠብቁት ከኋላ ተቀምጠው ይሰማሉ። ተራዬ ደርሶ ስቀመጥ መታወቂያ ጠየቀችኝ። መታወቂያዬ ውጭ የተውኩት ቦርሳ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሰው ፊት ተነስቶ ዝም ብሎ አይወጣም፤ "መጣሁ" ይባላል። "ፕሪሽላ!" ብዬ ወጣሁ።

እኛ ዘንድ "መጣሁ" ብሎ የወጣ ሰው አሁኑኑ ይመለሳል ማለት ነው። በሩሲያኛ ግን "ፕሪሽላ" ማለት ይኸው ደረስኩ ማለት ነው። ሴትየዋ ያየችው መድረሷን አብስራ በር ከፍታ የምትወጣ ተማሪ ነው። ስመለስ "የመጣሽው አሁን ነው ወይስ ቅድም?" አለችኝ። ከኋላ ያሉት በሳቅ ፈነዱ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ ጆሮዬ ይግላል፣ አፌ ይተሳሰራል። ከዚያ በኋላ የተጠየቅኩትን ሁሉ የአንዱን ግስ ለሌላው እየሰጠሁ አበላሸሁት። ውጤቴ ኤፍ ሆነ። ሪኤግዛም አለሽ፣ እሱንም ከወደቅሽ ትሰናበቻለሽ ተባልኩ።

ለእረፍት አገሬ መርሳ ገባሁ። አባቴ አስፋልቱ ዳር ሱቅ አለው፤ ሚስማር፣ የውሃ ቱቦ፣ የመስኖ ሞተር ዕቃ ይሸጣል። ከግራና ሸለቆ ቱቦ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ሁሉ ስለኔ ሳይሰማ አይሄድም። "ልጄ ሩሲያኛ ትማራለች" ይላል አባቴ። "ማሻአላህ!" ይላሉ እነሱ፣ ቱቧቸውን ትከሻቸው ላይ እየጠቀለሉ። እኔ ጓዳ ሆኜ ይህን እሰማለሁ።

የገባሁ ዕለት "እህ፣ ፈተናውስ?" አለኝ።

"ተፈትኛለሁ" አልኩት።

ውሸት አይደለም፤ ተፈትኛለሁ። አባቴ ትንሽ አየኝና "አልሀምዱሊላህ" ብሎ ወደ ሚዛኑ ዞረ።

ከሦስት ቀን በኋላ ጠራኝ። "ወልዲያ አንድ የማውቀው መካኒክ አለ" አለኝ። "የግራናን ሞተሮች ሲጠግን የኖረ ነው። በደርግ ጊዜ ሩሲያ ተልኮ ሙያ ተምሯል። ሂጂና ሰላም በይልኝ።"

"ለሰላምታ ወልዲያ ድረስ? ስልክ የለም እንዴ?"

"በስልክ የተባለ ሰላምታ ሰላምታ ነው?"

አባቴ ነገሩን ሲቆርጥ እንዲህ ነው። በንጋታው ሚኒባስ ተሳፈርኩ፣ እስከ ሲሪንቃ ስነጫነጭ ሄድኩ። ከሲሪንቃ እስከ ወልዲያ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጋራዡ ስደርስ የአንድ አሮጌ ጭነት መኪና ሆድ ሥር ሁለት እግር ብቻ ይታያል። "ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ከመርሳ ነው የመጣሁት። አባቴ ሰላም ብሎዎታል" አልኩ ለእግሩ።

"ያቺ ሩሲያኛ የምትማረዋ ነሽ?" አለኝ ከሥር የመጣ ድምፅ።

"ነኝ።"

"ታዲያ በሩሲያኛ ሰላም በይኛ!"

አልኩ። መለሱልኝ። አላህ ያሳያችሁ፣ እንዲህ ያለ ሩሲያኛ ሰምቼ አላውቅም። የስም ቃሉ ሁሉ እንደ ተፈጠረ ነው፣ እርባታ የሚባል አልነካውም፤ መምህሬ ብትሰማቸው ራሷን ትይዛለች። ግሱን ግን አንድም አልሳቱም! ተናደድኩ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ስዳክርበት የከረምኩትን እሳቸው በጀርባቸው ተኝተው ይሉታል። ይህን እንዴት እንደቻሉት ጠየቅኳቸው።

እየተንፏቀቁ ወጡ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ቀጭን፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። "የኛ አስተማሪ ሳቅ የማያውቅ ሰውዬ ነበር" አሉኝ። "ሞተር ላይ ተደፍተን ሳለ ከኋላ ይመጣና ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ 'ቺኒል ኢሊ ፓቺኒል?' ቺኒል ካልሽው ስትጠግኚ ነበር ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ታግለሽ ይሆናል፣ ግን አላለቀም። ፓቺኒል ካልሽው ጠግነሽ ጨርሰሻል፤ እጁን ሰዶ ሞተሩን ያስነሳዋል። ካልተነሳ ወዮልሽ!"

"ይኸው ነው?"

"ምን ቀረ ልጄ? ሞተሩ ተነሳ፣ ወይ አልተነሳ።"

ያን የመሰለ ምዕራፍ እዚህ ጋ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ለሰላምታ የሚልከኝ አላስፈለገኝም፤ ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። እሳቸው ብሎን ሲያጠብቁ እኔ አጠገባቸው ጎማ ላይ ተቀምጬ ግስ እጠራለሁ። ለእያንዳንዱ "ተነሳ ወይስ አልተነሳም?" ይሉኛል። የ"ፕሪሽላ"ን ጉድ ስነግራቸው መፍቻው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ። "እኔም ብያታለሁ! ሽንት ቤት ልሄድ ስል ነው፤ ሰውዬው ወዴት ነው የመጣኸው እያለ አፈጠጠብኝ።" ሳቃቸው ሲበርድ ሩሲያዊ ተነስቶ ሊወጣ ሲል "ፓሾል" እንደሚል፣ ሴቷ ደግሞ "ፓሽላ" እንደምትል፣ ትርጉሙም "ሄድኩ" እንደሆነ ነገሩኝ። "እነሱ ገና ሳይወጡ ሄደዋል። እኛ ገና ሳንወጣ ተመልሰናል" አሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ "እስቲ መፈተንን በይ" አሉኝ።

"ዝዳቫላ፣ ዝዳላ።"

"ልዩነቱ?"

"ዝዳቫላ ተፈተነች ነው። ዝዳላ ተፈትና አለፈች ነው።"

"አንቺስ የትኛዋ ነሽ?"

"ዝዳቫላ" አልኩ።

"አባትሽ ያውቃል?"

"ተፈትኛለሁ ብዬዋለሁ።"

መፍቻቸውን አነሱ። ከዚያ "ሞተሩ ሳይነሳ፣ ማለት ነው" ብለው ወደ መኪናው ሆድ ገቡ። ያን ጊዜ አፈርኩ። የማላውቀው የመሰለኝን ሰዋስው ለካ አውቀዋለሁ፤ የገዛ አባቴን የሸወድኩት በሱ ነው።

ያን ዕለት ልነግረው ቆርጬ መርሳ ተመለስኩ። ሱቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቆመው የሞተር ዕቃ ይመርጣሉ፣ አባቴም "ልጄ ሩሲያኛ ትማራለች" እያላቸው ነው። ሽማግሌው ዞር ብለው መረቁኝ። አሚን አልኩ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም። ወደ አዲስ አበባ የምሄድ ዕለትም አልነገርኩትም። "የቀረኝ ነገር አለ፣ መጣሁ" አልኩት። "ይቅናሽ" አለኝ።

በሪኤግዛሙ መምህሯ ያቺኑ ቁስል ነካች። ሩሲያዊት ገና በሩ ሳይከፈት ለምን "ፓሽላ" ትላለች፣ አስረጂኝ አለችኝ። ጆሮዬ ጋለ። ግን ከ"መጣሁ" ጀምሬ፣ በጋራዡ አድርጌ፣ ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ ነገርኳት። ሳትስቅ ሰማችኝ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ።

"አንድ መካኒክ" አልኩ።

ሌላም ሌላም ጠየቀችኝ፤ የሳትኩትም አለ። በመጨረሻ "ዝዳላ" ብላ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። ሲ ነው፣ ግን ሲም ያልፋል። "ፓሽላ" ብያት ወጣሁ።

ለአባቴ አልደወልኩም፤ አውቶቡስ ይዤ መርሳ ገባሁ። ሚስማር እየመዘነ ነበር።

"እህ፣ ፈተናውስ?" አለኝ፣ ልክ እንደ ያኔው።

"አልፌያለሁ" አልኩት።

የጨበጠውን ሚስማር ወደ ካርቶኑ መለሰው። "አልሀምዱሊላህ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "ያን ጊዜ ተፈትኛለሁ ነበር ያልሽኝ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ያለፈ ሰው ተፈትኛለሁ ይላል እንዴ? ደግሞስ ለአንድ ሰላምታ ወልዲያ ድረስ የምልክሽ ምን ነክቶኝ ነው?"

ልቆጣው አማረኝ፤ እንባዬ ቀደመኝ። እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልዋሸልኝም ነበር። ለመጣው ሰው ሁሉ "ትማራለች" ነው ያለው።

ወዲያው አንድ የግራና ሰው ቱቦ ፈልጎ ገባ። አባቴ ቱቦውን እያወረደለት በአገጩ ወደኔ አመለከተ።

"ይቺ ልጄ ናት" አለው። "ሩሲያኛ ታውቃለች።"